«አብሽሪ» ከተባለ በኋላስ? ወላጅ ሠራተኛ ከአለቃው ምን ያህል መረዳት ይጠብቅ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የጠዋት ሚኒባስ ውስጥ አንድ የስልክ ወሬ አይጠፋም። «ትኩሳቱ ወረደለት? ሽሮፑን ስጪው። ውሃ አጠጪው። እኔ እኮ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ነው።» ስልኩ ይዘጋል። ጥቂት ዝም ይባላል። ከዚያ ሌላ ቁጥር ይደወላል፤ ድምፁም ይለወጣል። ይለሰልሳል፣ ይቀጥናል። «ጋሼ፣ ይቅርታ… ልጄን ትንሽ አሞት ነበር…»

ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውን መልስ ወሎ የኖረ ሰው ይገምተዋል። «አብሽሪ፣ አብሽሪ! አላህ ይማረው።» ሌላው «እግዜር ይማረው» ይላል። ለሁለቱም አሜን ይባላል።

አብሽሪ ደግ ቃል ነው። አይዞሽ ማለት ነው፤ ለእኔ ጆሮ ግን ከአይዞሽ ይሞቃል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አብሽሪ ማለት ዛሬ ቅሪ ማለት ነው? አርፍደሽ ግቢ ማለት ነው? ደሞዝሽ አይነካም ማለት ነው? ወይስ ቃሉ ቃል ብቻ ነው?

እኔ መልሱን ያየሁት በደሞዝ ወረቀት ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር፤ የምኖረው ደሴ ነው። ልጄ በሳንባ ምች ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። አለቃዬ በስልክ አብሽሪ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ራሱ ደውሎ ጠየቀኝ። ደሞዝ ሲወጣ የሦስት ቀን ተቆርጧል። ፋይሌ ውስጥም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገብቷል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከልቡ ያዘነልኝ ይመስለኛል። ብቻ ሐዘኑ ከስልኩ አልወጣም፤ የሰው ኃይል ክፍል ድረስ አልሄደም።

በዚህ ጽሑፍ የማብራራው ያንን በቃሉና በወረቀቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ምኑ መብት ነው፣ ምኑ የአለቃው ፈቃድ ነው፣ ምኑስ ከማንም ሊጠበቅ የማይችል ነው?

«መረዳት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ እንሰማለን። ብንለያያቸው ይሻላል።

አንደኛው ማዘን ነው። አለቃው የልጁን መታመም ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል። ይህ ስሜት ነው። ጥሩ ስሜት ነው፤ ግን ማንንም ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው መረዳት ነው። መረዳት ይጠይቃል። «ማን ይዞት ነው? ሐኪም አየው? ነገስ ማን አለሽ?» የሚል ሰው ከማዘን አንድ እርምጃ አልፏል። የሠራተኛዋ እናት ተሁለደሬ ገጠር እንደሆነች፣ ጎረቤቷም ዛሬ ሰኞ ገበያ እንደወጣች ያውቃል። ስለዚህ «እቤት ሰው የለሽም እንዴ?» ብሎ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ማመቻቸት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በተግባር ይቀየራል። ሽፍት ይለዋወጣል። የመግቢያ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይገፋል። የፈቃድ ፎርም ይሞላል።

ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሲያዝን ውሎ ምንም የማያመቻች አለቃ አለ። በተቃራኒው ጥርሱ የማይታይ፣ ስለ ልጅ ጠይቆ የማያውቅ፣ ግን የሽፍት ዝርዝሩን ከሁለት ሳምንት በፊት ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሱፐርቫይዘር አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለወላጅ ከፈገግታ ይልቅ የሚቀጥለው ሳምንት ሽፍት ይጠቅመዋል።

ማዘንን ከማንም በግድ መጠበቅ አይቻልም፤ የልብ ነገር ነው። መረዳትን ግን መጠበቅ ይቻላል። ሠራተኛው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ የአለቃነት ሥራ አንዱ ክፍል ነውና። ማመቻቸት ከሁለት ይከፈላል። ግማሹ ሕግ ያስቀመጠው መብት ነው፤ ግማሹ በንግግር የሚገኝ ነው።

ሕጉ የትኛውን ያስገድዳል?

የግል ድርጅትና የፋብሪካ ሠራተኛን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋውም፣ ደሴ ፒያሳ ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግደውም በዚሁ ሥር ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሌላ ሕግ አለው።

ከእርግዝና እንጀምር። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ጊዜው ከደሞዟ አይቆረጥም። አሠሪው የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው የሌሊት ሥራ ላይ አትመደብም። ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። ከመውለዷ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ታርፋለች። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ብቻ ነበር። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ፣ ሕጉ ራሱ ከዘረዘራቸው ጥቂት ምክንያቶች ውጭ፣ ከሥራ ልትሰናበት አትችልም።

እነዚህ ላይ አለቃው «ተረድቼሽ ነው» ሊል አይችልም። የሰጠው ነገር የለም። መብቷን ነው የወሰደችው። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ የወሊድ ፈቃድ እንደ ውለታ ሲቆጠር ስለምሰማ ነው። «አራት ወር ሙሉ ለቀቅናት፣ አሁን ደግሞ…» ይባላል። ማንም አልለቀቃትም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አዋጁ ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና አሉበት። ከእነሱ መካከል «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚልም አለ። ይህ ዝም ብሎ የገባ ቃል አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 156 ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። ስለዚህ «ልጆች አሏትና ታስቸግራለች» ብሎ ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም።

የሥራ ሰዓትም ከልጅ ጋር ይያያዛል። መደበኛው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በመርህ ደረጃ በግድ አይሠራም። አደጋ ሲደርስ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሳይቋረጥ መሠራት ያለበት ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ሲያስፈልግ ብቻ ሊታዘዝ ይችላል። ያም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ልጇን ከትምህርት ቤት የምታወጣ እናት በየቀኑ «ዛሬም ቆዪ» ስትባል፣ ጉዳዩ የአለቃው ርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ልጅ ሲታመም የሚሰጥ ፈቃድ አለ?

የለም። የዚህ ሁሉ ነገር ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሕመም ፈቃድ የሚባለው ለራሷ ለሠራተኛዋ ነው። ሠራተኛዋ ስትታመም የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደሞዝ፣ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ ናቸው። ልጇ ሲታመም ግን አዋጁ በስሙ ጠርቶ የሰጠው ቀን የለም።

ታዲያ ወላጅ ምን ያደርጋል? ሁለት በሮች አሉት።

አንዱ የዓመት ፈቃድ ነው። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የዓመት ፈቃድ ግን በፕሮግራም የሚወጣ ነው። ልጅ ደግሞ በፕሮግራም አይታመምም። ስለዚህ «ዛሬን ከዓመት ፈቃዴ ያዙልኝ» ማለት የአለቃውን እሺታ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ብዙም አይታወቅም። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደሞዝ ፈቃድ መውሰድ ይቻላል። በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ደሞዝ የለውም፤ ያማል። ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ቀኑን «ፈቃድ» ያደርገዋል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ መቅረት ስለሆነ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። በዚያው ስድስት ወር ስምንት ጊዜ ያረፈደም እንዲሁ። መቅረቱ ግን በአዋጁ ውስጥ ካሉት ፈቃዶች በአንዱ ሥር ከገባ አይቆጠርም። እንግዲህ የእኔን ሦስት ቀን አስቡት። አለቃዬ አብሽሪ ሲለኝ እኔ ፈቃድ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ከአምስቱ ሦስቱን ጨርሻለሁ።

በቃል የተነገረ ደግነት መቅረትን ፈቃድ አያደርገውም። ፎርም ያደርገዋል። ፎርሙ ጋ መድረስ ካልተቻለ ቢያንስ በጽሑፍ መልእክት የተላከ ጥያቄና የመጣ መልስ ይጠቅማል።

ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስስ?

ሒሳቡን እንሥራው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። እናቲቱ ከወለደች በ90 ቀኗ ሥራ ትገባለች። ሦስት ወር ይጎድላል። አዋጁ ደግሞ በሥራ ሰዓት ስለ ማጥባት የሚያወራ አንቀጽ የለውም።

በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኩል በ2010 የወጣው የሲቪል ሰርቫንት አዋጅ የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። የግል ፋብሪካ ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አልተጣለም። የሠራተኛ ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት ካስገባው ይገባል። የኅብረት ስምምነት ማለት ማኅበሩና አሠሪው ቁጭ ብለው የሚፈራረሙት ውል ነው። ከሕጉ በላይ መስጠት ይችላል፤ ከሕጉ በታች ግን መውረድ አይችልም።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ላይ የአለቃ መረዳት ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ ይፈለጋል። የሚጠየቀውም ትንሽ ነው። በር ያለው ጥግ። በፈረቃ መሃል ግማሽ ሰዓት። ወተቱን የምታስቀምጥበት ቀዝቃዛ ቦታ፤ ኮምቦልቻ ደሴ አይደለችምና፣ ሙቀቷ ለወተት አይመችም። ከደሴ የምትመላለስ ከሆነች ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለባት። ምሳ ሰዓት ላይ ደርሳ አጥብታ መመለስ የሚባል ነገር የለም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ ወተቷን አልባ የደፋች እናት አውቃለሁ። አለቃዋ ወንድ ነበር፤ ነገሩ ጭራሽ አልታየውም። እሷም ለመናገር አፈረች።

አለቃዬ ለምን ወዲያው እሺ አይልም?

ክፋት ነው ብሎ መደምደም ይቀናል። አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሥራው አሠራር ነው።

የልብስ ፋብሪካን እንውሰድ። አንድ ሸሚዝ በአንድ ሰው አይሰፋም። በመስመር የተቀመጡ ሠራተኞች ይቀባበሉታል። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች። ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች። ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። የእጅጌዋ ሠራተኛ ስትቀር ከእሷ በፊት ያሉት የሠሩት ይከመራል። ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። የቀረችው አንድ ሰው ናት፤ የቆመው ግን መስመሩ ሁሉ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በላዩ ላይ በየሰዓቱ የሚቆጠር ታርጌት አለበት። የእሱም አለቃ አለ፤ እሱም ልጅ ሊኖረው ይችላል።

የዚህ መፍትሔ የታወቀ ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ሥራ የሚችሉ ተለዋጭ ሠራተኞች ይያዛሉ። ሰው ሲቀር ይገባሉ። ተለዋጭ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሱፐርቫይዘር «ሂጂ፣ ልጅሽን አሳክሚ» ማለት ይቀለዋል። ተለዋጭ የሌለው ግን የፈለገውን ያህል ሩኅሩኅ ቢሆን የሚሰጠው ነገር የለውም። ርኅራኄ የልብ ነገር ብቻ አይደለም፤ የሰው ቁጥርም ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ መስመሩ ላይ የቆመው ሱፐርቫይዘር ሳይሆን በጀት የያዘው የበላይ ነው። ስለዚህ ቅሬታችን አንዳንዴ የሚያርፈው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው።

ቢሮ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሒሳብ የሚሠራ፣ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሁለት ሰዓት አርፍዶ ቢገባ መስመር አይቆምም። እዚያ «አይቻልም» የሚል መልስ ሲመጣ ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነርስ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይና መምህር ከሁለቱ መሃል ናቸው። ሰዓታቸው አይንቀሳቀስም፤ ግን በጊዜ ከታወቀ ሰው ይተካቸዋል።

በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2014ቱ ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ተይዘው ነበር። ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ሥራ ቆሟል። ያንን ያየ ሠራተኛ መጠየቅ ይፈራል። «ሥራ በመኖሩ ተመስገን» ይላል። አለቃውም ያንኑ ይላል።

ስንት ጊዜ ብጠይቅ ነው የሚበዛው?

ቁጥር የለውም። ግን ዕቁብ የገባ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ዕቁብ ላይ ዕጣው ያልወጣለት ሰው ሐዘን ወይም ሠርግ ሲገጥመው ተራ ይለመናል። የደረሰው ሰው «ውሰደው፣ እኔ በሚቀጥለው» ይለዋል። ሰው ይህን የሚያደርገው ሦስት ነገር ካየ ነው። ሰውየው እስካሁን በወቅቱ ሲጥል ቆይቷል። ችግሩን ቀድሞ ተናግሯል። ከወሰደ በኋላም መጣሉን አያቋርጥም። ገንዘቡን ወስዶ የሚጠፋ ሰው ግን ከሚቀጥለው ዕቁብ ይወጣል። ከዚያም በላይ ጉዳት አለው፤ ከእሱ በኋላ በእውነት የተቸገረውም እንዳይታመን ያደርጋል።

ሥራ ቦታ ያለው ግንኙነትም በአብዛኛው እንደዚህ ነው። አለቃ የሚሰጠው ጊዜ ከጋራ ሣጥን የሚወጣ ነው። ሌሎች ባልደረቦች የጣሉበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን ስታከብር የኖረች ሠራተኛ በአንድ ወር አራት ቀን ብትፈልግ አይከብድም። በየሰኞው «ልጄን አሞት» የምትል ግን ልጇ የምር የታመመ ቀንም አትታመንም።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ እሱንም ልናገር። ዕቁብ የሚገባው አቅሙን አስልቶ ነው። ልጅ ግን አይሰላም። አስም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት የደሴ ብርድ ሲከር ከሌላው ይልቅ ደጋግማ ትጠይቃለች። ላጤ እናትም እንደዚሁ። እነሱን «አበዛሽው» ብሎ ከሌላው ጋር በአንድ ሚዛን መለካት አያስኬድም። እዚህ ላይ የሚሻለው በየቀኑ ፈቃድ መለመን ሳይሆን አንዴ ቁጭ ብሎ ቋሚ ነገር መነጋገር ነው። የቀን ሽፍት ብቻ ይሁንልኝ፤ ወይም መግቢያዬ በአንድ ሰዓት ይገፋና መውጫዬም ይገፋ።

እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ግን አነጋገሩ ላይ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ጊዜ ነው። ሐረጎን የሚያወርድ ሾፌር መታጠፊያው ላይ ደርሶ ፍሬን አይረግጥም። ከላይ ጀምሮ ማርሽ ይቀንሳል። ልጁ ማታ ሲያተኩስ ካደረ አለቃው ያንን በጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስመሩ ሊነሳ ሲል ሳይሆን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በመልእክት ቢያውቅ ይሻላል። «ልቀር እችላለሁ፤ 1 ሰዓት ላይ አረጋግጥልሃለሁ» ቢሆንም እንኳ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት፣ የክትባት ቀጠሮ፣ የወላጆች ስብሰባ ቀድመው የሚታወቁ ናቸው። እነሱን በዕለቱ ጠዋት መናገር ከልጅ ሕመም ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሁለተኛው ይዘት ነው። ብዙዎቻችን ችግራችንን ተርከን ጥያቄያችንን እንረሳለን። ትኩሳቱን፣ ሌሊቱን፣ የሞግዚቷን መጥፋት እንናገርና ዝም እንላለን። አለቃው «አብሽሪ» ይላል። ምን እንደተባባልን ሁለታችንም አናውቅም። እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ይሻላል፦

«ጋሼ እንደምን አደሩ። ልጄ ታሟል፣ ጤና ጣቢያ ልወስደው ነው። ዛሬን ከዓመት ፈቃዴ ቢያዝልኝ። የትናንቱን ሥራ ጨርሼ አስረክቤያለሁ። ነገ እገባለሁ። ይፈቀድልኛል?»

መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ ትልቅ ናት። መልስ ታስመጣለች። መልሱም ስልክ ላይ ይቀመጣል።

የልጁን ሕመም ዝርዝር መናገር ግን አያስፈልግም። «ታሟል» ይበቃል። ማስረጃ ከተጠየቀ የሐኪም ወረቀት ማምጣት ነው። የቤት ጓዳችንን ሁሉ ካልዘረዘርን የማንታመን የሚመስለን ብዙ ነን። ይህን ሁሉ ካልሰማ የማያምን አለቃ ካለ እሱ መረዳት ሳይሆን ምርመራ ነው የያዘው።

አባትስ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሚስቱ ስትወልድ ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ይሰጣል። በ2010ሩ የፌዴራል ሲቪል ሰርቫንት አዋጅ 10 የሥራ ቀን ነበር። ሦስት ቀን ማለት ሚስቱን ከሆስፒታል አውጥቶ፣ የገንፎውን እንግዳ አስተናግዶ መመለስ ነው።

ከቀኑ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አባት «ልጄን አሞት ነው» ሲል «እናቱ የለችም እንዴ?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ሁለት ሰው ይጎዳል። አባትየውን ያሳፍራል። እናትየዋን ደግሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ለሌላ አለቃ ሁልጊዜ ለማኝ ያደርጋታል። ሁለቱም ወላጆች የሚሠሩ ከሆነ ዛሬ እሷ፣ ነገ እሱ ቢቀሩ ለሁለቱም አሠሪዎች ይቀላል።

ልጅ የሌለው ባልደረባስ?

እሱም ቅሬታ አለው፤ ቅሬታውም እውነት ነው። «ልጅ ስለሌለኝ የዒድም የገናም ተረኛ እኔ ነኝ» ሲል ሰምቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የቀረውን ሰው ሥራ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ የሚጭን አለቃ ለወላጁ አዝኖ ሌላውን ሠራተኛ ይበድላል። ያ ሰው እኮ የሚያስታምማት እናት ልትኖረው ትችላለች። የቤተሰብ ኃላፊነት ማለት ልጅ ብቻ አይደለም። ተራው ለሁሉም ከዞረ፣ ትርፍ የተሠራውም በአግባቡ ከተከፈለ ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

አለቃው ጨርሶ ባይሰማስ?

መጀመሪያ ጥያቄውን በጽሑፍ ማድረግ ነው። ቀጥሎ የሰው ኃይል ክፍል አለ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩ አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የቆዩት ፋብሪካዎች ሠራተኞች ይህን መንገድ ከአዲሶቹ ይልቅ ያውቁታል። ከዚያ ካለፈ በከተማው አስተዳደር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ነው። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።

ግን እያንዳንዱን «አይቻልም» ይዞ መሮጥ አያዋጣም። አለቃው ሕግ የሰጠውን ከከለከለ ክስ ነው፤ ለምሳሌ ነፍሰ ጡርን ሌሊት ቢመድብ። በንግግር የሚገኘውን ከከለከለ ግን፣ ለምሳሌ መግቢያ ሰዓት ለመግፋት እንቢ ቢል፣ ልብ ይሰብራል እንጂ አያስከስስም። እዚያ ላይ የሚሠራው በኅብረት መጠየቅ ነው። አንዲት እናት የማጥቢያ ጥግ ስትጠይቅ አስቸጋሪ ትባላለች። ሃያ እናቶች ሲጠይቁ ግን የስብሰባ አጀንዳ ይሆናል።

ጊዜውም መታወቅ አለበት። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። የደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል።

የእኔ ሦስት ቀን መቆረጥ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም፣ እስካሁን የነገረኝ የለም። አልጠየቅኩማ። አብሽሪ ያለኝን ሰው፣ ደውሎ ስለ ልጄ የጠየቀኝን ሰው፣ እንዴት ብዬ ደሞዜን ልጠይቀው? አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። አንድ ቀን ቆርጬ ወረቀቴን ይዤ የሰው ኃይል ክፍል ስገባ የክፍሉ ሠራተኛ ቀኑን አየችና ጣቶቿን ቆጠረች። ሰባተኛው ወር ገብቷል።